ስለ ሃይማኖት ስትዘግቡ መቶኛውንና የሰው ቁጥሩን ለዩልን

ይድረስ ለክቡር አዘጋጁ፤

የአገራችንን የሃይማኖት ስብጥር የሚመለከት ዘገባ በወጣ ቁጥር «የኦርቶዶክስ ምዕመናን ቁጥር ቀነሰ» የሚል አርእስት ማየት ተለምዷል። አርእስቱ ስህተት ነው። በሃይማኖት ጉዳይ ደግሞ እንዲህ ያለ ስህተት ቀላል አይደለም፤ በቅጡ ያልተነበበ አንድ ሠንጠረዥ ጎረቤትን ከጎረቤት ሊያቃቅር ይችላል።

በ1987 ዓ.ም. ቆጠራ ኦርቶዶክሶች 50.6 በመቶ ነበሩ፤ በ1999 ዓ.ም. 43.5 በመቶ ሆኑ። በሰው ቁጥር ግን ከ27 ሚሊዮን ገደማ ወደ 32 ሚሊዮን ጨምረዋል። የቀነሰው ድርሻቸው ነው። ሙስሊሞች ከ32.8 ወደ 33.9፣ ፕሮቴስታንቶች ከ10.2 ወደ 18.6 በመቶ ከፍ ብለዋል። በመቶኛም በሰው ቁጥርም የወረዱት የባህላዊ እምነት ተከታዮች ናቸው፤ ከ4.6 ወደ 2.6 በመቶ።

ታዲያ ይህን ያህል ሰው ሃይማኖቱን ቀይሯል ማለት ነው? ቆጠራው የአሁኑን ሃይማኖት እንጂ የቀድሞውን ስለማይጠይቅ በቀጥታ አይመልስም። በእርሳስና በወረቀት ግን መልሱን መጠጋት ይቻላል። የአገሪቱ ሕዝብ ከ53.5 ሚሊዮን ወደ 73.9 ሚሊዮን አደገ፤ 38 በመቶ ማለት ነው። በ1987 ዓ.ም. 5.4 ሚሊዮን የነበሩት ፕሮቴስታንቶች በዚሁ ልክ ብቻ ቢያድጉ 7.5 ሚሊዮን ይሆኑ ነበር። የተቆጠሩት 13.7 ሚሊዮን ናቸው። የ6 ሚሊዮኑን ልዩነት በወሊድ ብቻ ማስረዳት አይቻልም፤ ብዙ ሰው ከሌላ እምነት መጥቷል። ከየት እንደመጣ ደግሞ የያኔው ደቡብ ክልል ፍንጭ ይሰጣል፦ ፕሮቴስታንቱ ከ34.8 ወደ 55.5 በመቶ ሲወጣ፣ ባህላዊ እምነት ከ15.4 ወደ 6.6፣ ኦርቶዶክሱ ከ27.6 ወደ 19.9 ወርዷል።

ብዙ ጸሐፊዎች የሚስቱት ከዚህ በኋላ ነው። የደቡቡን ሥዕል ወስደው በመላ አገሪቱ ላይ ይለጥፉታል። አማራ ክልልን እንይ። በዚያ የኦርቶዶክሱ ድርሻ ከ81.5 ወደ 82.5 በመቶ ከፍ ብሏል፤ ክልሉ ከአገሪቱ ሕዝብ የነበረው ድርሻ ግን ከ26 በመቶ ገደማ ወደ 23 ወርዷል። ማንም ሃይማኖቱን ሳይቀይር፣ ኦርቶዶክስ የሚበዛበት ክልል ከሌሎቹ ቀስ ብሎ ስላደገ ብቻ አገራዊው መቶኛ ይወርዳል። የወሊድ ልዩነቱም ትንሽ አይደለም። የ2016ቱ (እ.ኤ.አ.) የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አንዲት ሴት በዕድሜዋ የምትወልዳቸውን ልጆች በአማካይ ለአዲስ አበባ 1.8፣ ለአማራ 3.7፣ ለኦሮሚያ 5.4፣ ለሶማሌ ክልል 7.2 አድርጎ አስቀምጧል። አዲስ አበባ ላይ ኦርቶዶክሱ ከ82 ወደ 74.7 በመቶ ሲወርድም፣ ሰው ከየክፍለ ሀገሩ ወደ ከተማዋ እየገባ እንደነበር መርሳት አይገባም።

ከ1999ኙ ቆጠራ በኋላ የአማራ ክልል ሕዝብ ከተጠበቀው ከ2 ሚሊዮን በላይ አንሶ መገኘቱ ብዙ አከራክሯል። ክርክሩ የሚገባ ነው። ይሁንና 2.5 ሚሊዮን ሰው በክልሉ የሃይማኖት ስብጥር መሠረት ብንጨምር እንኳን፣ አገራዊው የኦርቶዶክስ ድርሻ ወደ 45 በመቶ ግድም ይጠጋል እንጂ ወደ 50.6 አይመለስም። የድርሻው መቀነስ በቆጠራ ጉድለት ብቻ የሚመጣ አይደለም።

ዘጋቢዎቻችሁ ሁለት ነገር እንዲጠነቀቁ እለምናለሁ። አንደኛው የ1976ቱ ቆጠራ ነው፤ ኤርትራን ይጨምር ነበር፣ በጦርነት ምክንያት ያልተቆጠሩ አካባቢዎችም ነበሩ። እንዳለ ወስዶ ከ1999ኙ ጋር ማወዳደር አይሆንም። ሁለተኛው የጤና ጥናቱ ነው። ሃይማኖትን የሚጠይቀው ከ15 እስከ 49 ዓመት ያሉ ሴቶችንና ከ15 እስከ 59 ያሉ ወንዶችን ነው፤ ሕፃናትና አረጋውያን የሉበትም። መቶኛውን ከቆጠራው አጠገብ አስቀምጦ «በዚህን ያህል ጨመረ» ማለት ያሳስታል።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 103 ቆጠራ በየ10 ዓመቱ ይካሄዳል ይላል። አራተኛው በ2010 ዓ.ም. ታስቦ ነበር፤ ተደጋግሞ ተራዘመ፣ በ2011 ዓ.ም.ም እንደገና ተላለፈ። የዛሬ ክርክራችን ሁሉ በ1999 ዓ.ም. በተሰበሰበ መረጃ ላይ የቆመ ነው። ጋዜጣችሁ ይህን ጉዳይ እንዳይተወው እጠይቃለሁ። ቆጠራው ሲመጣ መጠይቁ አንድ ጥያቄ ይጨመርበት፦ «ሲወለዱ የወላጆችዎ ሃይማኖት ምን ነበር?» ደግሞ አባወራው ለቤተሰቡ ሁሉ ከሚመልስ፣ ቢያንስ ከ15 ዓመት በላይ የሆነው እያንዳንዱ ሰው ራሱ ይጠየቅ። ልጅ እምነቱን ቀይሮ አባት የቤቱን ሃይማኖት ከተናገረ፣ በቅጹ ላይ የሚሰፍረው የአባትየው ቃል ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋዜጣችሁ አንባቢ