ከአልጋ እስከ ግቢ በር

ቶሮንቶ፣ ካናዳ

ለምወድህ ወንድሜ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እማማስ፣ ልጆቹስ እንደምን ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልህ ባለፈው እሑድ «አባባን በሽታው ከለቀቃቸው ሦስት ወር ሊሞላቸው ነው፤ መነሣት ግን አይፈልጉም፣ ሰንፈዋል» ያልኸኝ ነገር ሌሊቱን ሙሉ ሲከነክነኝ ስላደረ ነው።

አባባ አልሰነፉም። በቪዲዮ ስናወራ የቡናውን ሲኒ በሁለት እጃቸው ይዘውት እንኳ ከማስቀመጫው ጋር ሲንቀጫቀጭ እኔ ድረስ ይሰማ ነበር፤ የጋብቻ ቀለበታቸውም ወደ ጣታቸው ጫፍ እየተንሸራተተ ደጋግመው ሲመልሱት አየሁ። እኔ በነርስነት በምሠራበት የጽኑ ሕሙማን ክፍል እንዲህ ያሉ እጆችን በየቀኑ ስለማይ ምክንያቱ አይጠፋኝም። ሰው በጽኑ ታሞ በመተንፈሻ መሣሪያ ሲረዳ፣ ሰውነቱ ከበሽታው ጋር ሲታገል የገዛ ጡንቻውን ያፈርሳል፤ ነርቮቹም ሊጎዱ ይችላሉ፤ በማስተኛ መድኃኒት ያለ እንቅስቃሴ መቆየቱ ደግሞ ጉዳቱን ያባብሰዋል። በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመ የእንግሊዝ አገር ጥናት እንዳሳየው፣ የእንዲህ ዓይነት ሕሙማን የጭን ጡንቻ በ10 ቀን ውስጥ ብቻ 18 በመቶ ያህል ይቀንሳል። አባባ በመተንፈሻ መሣሪያ ተረድተው የተኙት 19 ቀን ነው።

እዚሁ ቶሮንቶ ያሉ ሐኪሞችም ሳንባቸው ክፉኛ ተጎድቶ የተረፉ 109 ሰዎችን ለ5 ዓመት ተከታትለው ውጤቱን በ2011 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል። ብዙዎቹ ገና ጎልማሶች ነበሩ፤ ሳንባቸውም ከሞላ ጎደል አገግሞ ነበር፤ ነገር ግን ከ5 ዓመት በኋላም በ6 ደቂቃ የሚሄዱት መንገድ ከሚጠበቀው ወደ 76 በመቶ ያህሉ ነበር። እንግዲህ የ68 ዓመት ሽማግሌ በሦስት ወር ለምን አልቆሙም ብለን እንዴት እንወቅሳቸዋለን? ከሆስፒታል ሲያሰናብቷችሁ የመድኃኒት ማዘዣ ከመስጠት በቀር ይህን ያስረዳችሁ አንድም ሰው አለመኖሩ እጅግ ያሳዝነኛል።

ጠያቂው ሁሉ «አይድከሙ፣ ይተኙ» እንደሚላቸው አውቃለሁ። ፍቅር ነው፤ ሆኖም አልጋው የቀረውን ጡንቻ ይጨርስባቸዋል። የሚከታተሏቸውን ሐኪም አማክርና፣ የሱሉልታ ብርድ ረገብ ሲል፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት ገደማ ጋቢያቸውን ደርበህላቸው በረንዳ ላይ አውጣቸው። ባለ መደገፊያውን ወንበር ግድግዳ አስጠግተህ፣ ከፍ እንዲል ትራስ አድርግበትና ከፊታቸው ቆመህ ይነሡ፣ ይቀመጡ፤ ሦስት ጊዜ ከቻሉ ለዚያ ቀን ይበቃል። ብብታቸውን ይዘህ አታንሣቸው፤ እግራቸው ራሱ ይሥራ። ቃል ማውጣት እስኪያቅታቸው ካለከለኩ ይረፉ፤ ደረታቸውን ካመማቸው ወይም አንድ እግራቸው ካበጠ ሳትውል ሳታድር ሐኪም ቤት ውሰዳቸው። ውኃ ሲጠጡ ትን የሚላቸውም የመተንፈሻው ቱቦ ጉሮሯቸውን አድክሞት ሊሆን ስለሚችል ቀጥ ብለው ተቀምጠው በጥቂት በጥቂቱ ይጠጡ፤ ይህንንም ለሐኪሙ ንገረው።

ጡንቻ ያለ ምግብ አይመለስም። እንቁላልና ወተት ያስፈልጋቸዋል፤ እሳቸው ግን ጾሙን አልፈታም ብለዋል አሉ። እኔ ብለምናቸው አይሰሙኝምና የንስሐ አባታችንን ቤት ድረስ አምጣቸው፤ ቤተ ክርስቲያን ለሕመምተኛ እንደምትፈቅድ ከእሳቸው አንደበት ሲሰሙ እሺ ይላሉ። እስከዚያው ምስሩና ሽሮው ጠርቀም ይበልላቸው።

አጠገባቸው ሆኜ ክንዳቸውን አለመደገፌ ሁልጊዜ ያንገበግበኛል፤ ስለዚህ አንድ ነገር አድርግልኝ። ከአልጋቸው እስከ በረንዳው፣ ከበረንዳው እስከ ቧንቧው፣ ከቧንቧው እስከ ግቢው በር ስንት እርምጃ እንደሆነ ቆጥረህ ላክልኝ፤ በየሳምንቱ የት እንደደረሱም ጻፍልኝ። እሑድ እደውላለሁ። ሰንፈዋል ማለትህን ሰምተው ከሆነ ግን እኔ ከመደወሌ በፊት ጉልበታቸውን ስመህ ይቅርታ ጠይቃቸው።

እህትህ