እንክብሉ ውስጥ የሌለውን አልካሎይድ አትሽጡልን

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ክለብሞስ ስለሚባሉት አበባና ዘር የሌላቸው ትናንሽ ዕፅዋት ያወጣችሁትን ዘገባ አንብቤ ተናድጃለሁ። ሌላውን ልተወው። ያንገበገበኝ በሆሚዮፓቲ፣ ማለትም መነሻውን ነገር ደጋግሞ በማቅጠን «መድኃኒት» በሚያዘጋጀው አማራጭ ሕክምና፣ የሚሰጠው ሊኮፖዲየም የተባለ ክለብሞስ «ማስታወስን የሚያግዝ አልካሎይድ እንዳለው ሳይንቲስቶች አረጋግጠዋል» የሚለው ነው፤ አልካሎይድ ማለት ተክል ውስጥ የሚገኝ፣ በሰውነት ላይ ለውጥ የሚያመጣ ኬሚካል ነው።

ያረጋገጡት ይህን አይደለም። ማስታወስን ያግዛል የሚባለውን ሁፐርዚን ኤ የተባለ አልካሎይድ የቻይና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ለይተው ያወጡት ሁፐርዚያ ሴራታ ከሚባል ተክል ነው። የሆሚዮፓቲው ሊኮፖዲየም ክላቫተም ዘመዱ እንጂ እሱ ራሱ አይደለም። ለዚያውም የሚወሰደው ስፖሩ፣ ማለትም ተክሉ የሚራባበት ብናኝ ነው፤ ቢጫውን ዱቄት ከወተት ስኳር ጋር ይፈጩትና ማቅጠን ይጀምራሉ። አንድ እጅ ለ99 እጅ፣ ከዚያ ላይ እንደገና አንድ እጅ ለ99፣ ብዙ ጊዜ እስከ 30 ዙር። ገና 12ኛው ላይ ከመነሻው ነገር አንዲት ሞለኪውል መትረፏ ያጠራጥራል። ታዲያ በቀሩት 18 ዙሮች የሚቀጥነው ምንድን ነው? እናንተስ ያወራችሁት ስለ የትኛው አልካሎይድ ነው? የሆሚዮፓቲ መሥራች ሐኔማን እ.ኤ.አ. በ1796 ሐሳቡን ሲያወጣ ሞለኪውል የሚቆጥርበት መላ አልነበረውም፤ እናንተ ግን አላችሁ። የአውስትራሊያ ብሔራዊ የጤናና ሕክምና ምርምር ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2015 ሆሚዮፓቲ ለየትኛውም ሕመም እንደሚሠራ አስተማማኝ ማስረጃ የለም ብሏል። ለዚህ አንድ መስመር ጠፋ?

መድኃኒት ቤት የምሠራ ፋርማሲስት ነኝ። ዘገባው በወጣ ማግስት አንድ ወጣት ስልኩን ዘርግቶ የእናቱን የመርሳት በሽታ መድኃኒት ዶኔፔዚል ትቼ «የተፈጥሮውን» እንድሰጠው ጠየቀኝ። ሳስረዳው «መድኃኒታችሁ እንዳይቀርባችሁ ነው» ብሎኝ ወጣ። ስኳሩን ቢገዛ እናቲቱ ሕክምናዋን ታጣለች። እውነተኛውን ሁፐርዚን አግኝቶ በዶኔፔዚሉ ላይ ቢደርብላት ደግሞ፣ ሁለቱም አንድ ዓይነት ኢንዛይም ስለሚያግዱ የልብ ምቷ ከመጠን በላይ ሊዘገይ ይችላል። ይህን የሚነግራችሁ አንድ ፋርማሲስት ነበር። ሻጩን አነጋገራችሁ፣ ተጠቃሚዋን አነጋገራችሁ፤ ከእኛ ሙያ ግን አንድ ሰው አልፈለጋችሁም። የእናንተን ስሕተት እያረምን ከበሽተኛ ቤተሰብ ጋር የምንጣላው ግን እኛ ነን። ደውዬ ስናገርም «ሚዛናዊ ዘገባ ነው» ተባልኩ። በምን ተመዝኖ?

ማረሚያ እንድታወጡ እጠይቃለሁ፤ ከገጹ ግርጌ በደቃቅ ፊደል ሳይሆን ዘገባው በወጣበት ቦታ፣ በዚያው የፊደል መጠን። የመጀመሪያው መስመርም በሐኪም የታዘዘ የመርሳት በሽታ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሐኪሙን ሳያማክር እንዳያቆም የሚያሳስብ ይሁን።

አንዲት ፋርማሲስት