ማክሶም (የፍተሻ ኬላው) ላይ ላለው ልጄ

ዲሴምበር 2018

የኔ ጌታ እንዴት ሰነበትክ፣ እኛ ደህና ነን። አማርኛ ማንበብ እንደማትችል አውቃለሁ፣ እህትህ በስልክ ታነብልሃለች፣ በዕብራይስጥ ብጽፈው ደግሞ አንተው ነህ የምትስቅብኝ።

ባለፈው የቤተልሔሙ ማክሶም፣ 300 የሚሉት ላይ ተመደብኩ ስትለኝ "አባ ምንም የለውም፣ ሰልፍ ብቻ ነው" አልከኝ አይደል። ያ ሰልፍ ጠዋት እኔጋ ነው የሚመጣው። የሕንፃ ሥራው በር ላይ ዘበኛ ነኝ አይደል፣ አስራ ሁለት ተኩል ላይ ስከፍት ፍልስጤማውያኑ ሠራተኞች ደርሰው ካርቶን ላይ ተኝተው አገኛቸዋለሁ። አንድ ሴራሚክ የሚያነጥፍ ሽማግሌ አለ፣ ሻይ ማራሚያ በሚሉት ቅጠል ያጠጣኛል፣ እኔ ቡና፣ ሁለታችንም በተሰባበረ ዕብራይስጥ እናወራለን። ከቤቱ የሚወጣው ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ነው። እኔ እኮ ሩቅ አገር ነው የሚመጣው ብዬ ነበር፣ ለካ ቤተልሔም ናት፣ በመኪና ግማሽ ሰዓት የማትሞላው!

በብረት በታጠረ ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ ተጣብቀው ይቆማሉ፣ ወጣቶቹ ብረቱን ይዘው በሰው አናት ላይ እየተንጠላጠሉ ይቀድማሉ፣ እሁድ ሲሆንማ የሳምንቱ መጀመሪያ ስለሆነ ለትንፋሽ ቦታ የለም አለኝ። ከዚያ የሚሽከረከረው በር፣ ከዚያ ፍተሻ፣ ከዚያ ታስሪህ የሚሉት ፈቃድና ካርዱ፣ ከዚያ አሻራ። የሱን ጣት ደግሞ ሲሚንቶ በልቶታል፣ ማሽኑ አያነብለትም፣ ወዝ እንዲይዝ ግንባሩ ላይ ያሻሸዋል፣ እንደገና ያስነካል። ዘግይቶ ከደረሰ አሠሪው ሌላ ሰው ይዞ ይጠብቀዋል፣ የዚያ ቀን ደሞዝ ሄደ ማለት ነው።

አሁን ደግሞ የገና ቱሪስት አለ። ፓስፖርታቸውን ከፍ አድርገው ያልፋሉ፣ ግን በእግር ከነሻንጣቸው በቡድን ሲመጡ ሻንጣው በሩ ውስጥ ይቀረቀርና ሁሉም ይቆማል። አንዷ "ሁልጊዜ እንዲህ ነው ወይ?" ብላ ጠየቀችው። "ኧረ ዛሬ ጥሩ ነው" አላት።

ፍተሻ ለምን ኖረ አልልህም፣ በፈረንጆቹ 2002 አውቶቡስ ሲፈነዳ እናትህ አንተን አዝላ በእግሯ ነበር ገበያ የምትሄደው፣ አልረሳሁትም። ግን ሰልፍን ደግሞ እኔ አውቀዋለሁ። ከጎንደር ወርደን አዲስ አበባ የእስራኤል ኤምባሲ በር ላይ ስንት ወር ቆምን፣ ዛሬ ነው ነገ ነው እያልን፣ በ1991 ተነሱ ሲሉን 17 ዓመቴ ነበር፣ ግንባሬ ላይ ቁጥር ለጥፈውብኝ ወንበሩ በተነቀለ አውሮፕላን መጣሁ። በ36 ሰዓት ከ14,000 በላይ ሰው ባሕር ተሻገረ። ሽማግሌው ይሄን ስነግረው እኛ ሃምሳ ሜትሯን ሁለት ሰዓት ይፈጅብናል ብሎ ሳቀብኝ፣ ምን ልበለው፣ ቡናውን ቀዳሁለት።

ታዲያ ምኑ ነው የሚብሰው ብዬ ስጠይቀው መቆሙ አይደለም አለኝ። ቀይ መብራቱ ይበራል፣ በሩ ይቆለፋል፣ ለምን እንደሆነ የሚናገር የለም። ወታደሩ መስታወቱ ውስጥ ስልኩን ያያል (አንተ ነህ አላልኩም)፣ ከኋላ ያለው ይገፋል፣ ከፊት ያለው ጎድኑን ብረቱ ይጨፈልቀዋል።

መብራቱን አንተ እንደማታዘው ይገባኛል፣ አዛዥ አለህ። ግን ያ ማይክራፎን አጠገብህ አለ አይደል፣ ሲቆም በሱ ምን ያህል እንደሚቆይ ንገራቸው። የዓረብኛውን ቃል ጠይቄልሃለሁ፣ ሩብ ሰዓት "ሩብዕ ሳዓ" ነው፣ አማርኛ በለው፣ አይጠፋህም።

ዓርብ ከለቀቁህ ቀድመህ ደውል፣ እናትህ ዳቦውን ሐሙስ ማታ ነው የምታቦካው። የቆሸሸ ልብስህንም ይዘህ ና፣ ባለፈው ካልሲ ብቻ ነው ያመጣኸው።

አባትህ