መልአክ ከብራና ላይ አይቀዳ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጎንደር ውስጥ ሥዕል የሚጀምሩ ወጣቶች በደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ የተሣሉትን መላእክት መቅዳታቸው ደግ ነው። ቅር የሚለን ለቱሪስት ከሚሸጥ ብራና ላይ መቅዳታቸው ነው። ብራናው ራሱ የቅጂ ቅጂ ስለሆነ የፊቱ ጥላ ጠፍቶ ዓይን ብቻ ይጎላበታል። በእቴጌ ምንትዋብ ዘመን የዳበረው ሁለተኛው የጎንደር የሥዕል ስልት ግን ዋና መለያው ያ ጥላ ነው።

ስለዚህ ከጣሪያው ይጀመር። ፎቶው ያለ ፍላሽ፣ ከተመረጠው ፊት በታች በቀጥታ ቆሞ ይነሣ፤ ከጥግ የተነሣ ፊት ይጣመማል። 20 በ20 ሴንቲ ሜትር አሳትሞ በየ2.5 ሴንቲ ሜትሩ ቢሰመር 64 ካሬ ይወጣዋል። ሸራው 40 በ40 ከሆነ ካሬው 5 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። በከሰል ሲነደፍ ቀድሞ የፊቱ መሐል መስመር፣ ቀጥሎ ዓይኖቹ ይቀመጡ። ሁለቱን ዓይን ማመጣጠን ቸግሮት ፊቱን ወደ ጎን የሚያዞር ተማሪ አለ፤ በነባሩ ሥርዓት በአንድ ዓይን የሚሣለው ክፉው ነውና መልአኩን ከሰይጣን ጎራ አስገባው ማለት ነው!

ለሸራ አቡጀዲ ይበቃል። በሙቅ ውሃ ታጥቦ ስታርቹ ካልወጣ ኮላው እኩል አይዘልቀውም። ከተወጠረ በኋላ አንድ እጅ ነጭ ኮላ በሦስት እጅ ውሃ ቀጥኖ ይቀባ፤ ሲደርቅ ነጭ አክሪሊክ ቀለም ሁለት ጊዜ፣ በመካከሉ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት እየታሸ። ጀሶ አወፍሮ መለሰን አንመክርም፣ ጨርቁ በተነቃነቀ ቁጥር ይሰነጠቃል።

ብዙ ሥራ የሚበላሸው ፊቱ ላይ ነው። መደቡ ከአፈር ቢጫ፣ ከነጭና ከጥቂት ቀይ ይበጠበጥ። ለጥላው ጥቁር የጨመረ ሰው አመድ የመሰለ ፊት ያገኛል፤ በጥቁሩ ፈንታ ቀይ ቡኒ ከመደቡ ጋር ተደባልቆ በጉንጩ ዳርና በአንገቱ ሥር፣ ሦስት ጊዜ በስሱ ይደራረብ። አክሪሊክ ሲደርቅ ትንሽ ስለሚጠቁር ቀለሙ በቁራጭ ጨርቅ ላይ ይሞከር። አፍንጫውና ግንባሩ ላይ የሚያርፈው ብርሃን ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ጥቁሩ መስመር የመጨረሻው ነው። እንደ ጽሕፈት ቀለም ይቅጠን፤ ቀድሞ የተሰመረ እንደሆነ መደቡ ይውጠዋል፣ ደግመው ሲያሰምሩት ደግሞ ይወፍራል። ከሸራው ጀርባ «ቅጂ» ብሎ ቀኑን መጻፍም አይዘንጋ።

የሥዕል አስተማሪዎች
ጎንደር