አሮጌው ትራክተር ገልባጭ ተሳቢ ማንሳት አያቅተውም

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፣

በእርሻ ዓምዳችሁ ላይ ስለ አሮጌ ትራክተሮች የወጣውን ጽሑፍ አነበብኩት። ገልባጭ ተሳቢ ለሚፈልግ ገበሬ አሮጌ ትራክተር አይሆነውም፣ አዲስ ይግዛ ይላል። በዚህ አልስማማም። እዚህ ሞረትና ጅሩ ውስጥ ትራክተር ጠግኜ ነው የምኖረው። "አላነሳም አለኝ" ተብሎ ከሚመጣልኝ ውስጥ አብዛኛው ፓምፑ ደህና ነው። ችግሩ የቱቦው አገጣጠም ነው። አዲስ ትራክተር የሚገዛበት ብር ያለው ደግሞ ምን አስጨነቀው፣ የኛ ሰው ግን ስንዴውን ከማሳ አውጥቶ እነዋሪ ወይም ደነባ ገበያ ማድረስ ነው የሚፈልገው።

የተሳቢውን ካሶኒ፣ ማለትም የጭነት ሳጥኑን፣ የሚያነሳው ጃክ አንድ የዘይት ቱቦ ብቻ ነው ያለው። ዘይቱ ሲገባ ይገፋል። ሲወርድ የሚመልሰው የካሶኒው ክብደት ነው። አሮጌ ማሴይ ፈርጉሰን፣ ለምሳሌ 135፣ የኋላ ክንዶቹን የሚያነሳው በዚሁ መንገድ ነው፤ ማረሻውን ዘይት ያነሳዋል፣ የሚያወርደው የራሱ ክብደት ነው። ስለዚህ ይህ ትራክተር ለእንዲህ ዓይነት ጃክ ባዕድ አይደለም።

ታዲያ ለምን አላነሳም ይላል? ዘይት ቀላሉን መንገድ ነው የሚመርጠው። ከመቀመጫው ሥር ካለው መውጫ ቱቦ አውጥተህ ተሳቢው ላይ ብታስር፣ የኋላ ክንዶቹ ባዶ ስለሆኑ መጀመሪያ የሚነሱት እነሱ ናቸው። ክንዶቹ ጫፍ ሲደርሱ ማሴዩ ራሱ ፓምፑን ያስቆመዋል፤ ተሳቢው ካለበት ንቅንቅ ሳይል ይቀራል፣ ሰውየውም ፓምፑ ሞቷል ብሎ አውርዱልኝ ይላል። መፍትሔው ወደ ክንዶቹ የሚሄደውን ዘይት ዘግቶ ወደ ተሳቢው የሚመልስ መቀየሪያ ቫልቭ ማስገባት ነው። ክንዶቹን በሰንሰለት ወደ ታች የሚያስሩም አሉ፣ ይሠራል። ግን ክንዶቹ ስላልተነሱ ፓምፑ መቼ ማቆም እንዳለበት አያውቅም። ጃኩ ጫፍ ደርሶም መግፋቱን ይቀጥላል፣ የግፊት ማስተንፈሻው ይጮሃል፣ ዘይቱ ይግላል። ካሶኒው ጫፍ ሊደርስ ሲል ሌቨሩን የሚመልስ ንቁ ሹፌር ከሌለ ሰንሰለቱን አልመክርም።

ሌላም አለ። የነዚህ ማሴዮች ፓምፕ የሚሽከረከረው በፒቲኦው ነው፣ ከኋላ ለሚታሰሩ መሣሪያዎች ኃይል በሚሰጠው ዘንግ። የፒቲኦው ሌቨር ካልገባ አይሠራም። ፍሪሲዮኑን እስከ ታች ረግጠህ ከያዝክም ይቆማል። ይህን የማያውቅ ሹፌር እግሩን ፍሪሲዮን ላይ ተክሎ ሌቨሩን ሲጎትት ይውላል። ስንቱን ፓምፕ በከንቱ ተፈትቶ አይቼዋለሁ!

ቤላሩስ የሚባለው ትራክተር ሌላ ነው። ናዝሬት ተገጣጥመው የወጡት አሁንም በአካባቢያችን ይሠራሉ። የነሱ ፓምፕ ከሞተሩ ነው የሚነዳው፣ የሃይድሮሊክ ዘይቱም የራሱ ታንክ አለው። ሌቨሩ ማንሻ፣ መያዣ፣ በግፊት ማውረጃ እና ልቅ የሚባል ቦታ አለው። ለእያንዳንዱ ሌቨር ሁለት መውጫ አለ። ቱቦውን በማንሻው በኩል ታስረዋለህ፣ ሌላውን ትደፍነዋለህ። የትኛው የማንሻው እንደሆነ በባዶ ተሳቢ መሞከር ነው። ስታወርድ ልቅ ላይ አድርገው። በግፊት ማውረጃው ላይ ካደረግከው ዘይቱ ከተደፈነው ጋር እየተጋጨ ዝም ብሎ ይሞቃል። ደግሞ የቤላሩስ ቱቦ ፓሶው፣ የሚጠብቅበት ጥርስ ማለት ነው፣ ሚሊሜትር ነው፣ 20 በ1.5። ከእንግሊዞቹ ኢንች ፓሶ ጋር ሁለት ሦስት ዙር ገብቶ የያዘ ይመስላል። በቴፍሎን ጠቅልሎ ማጥበቅ መፍትሔ አይደለም፣ ጭነት ላይ ነቅሎ ይወጣል። ተርነሪ ቤት ወስዳችሁ ትክክለኛ ናፕል (የቱቦ ማገናኛ) አስወጡ።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልምጣ። ዘይት! ጃክ ዘይት ይጠጣል። ውስጡ 10 ሴንቲሜትር ስፋት፣ 1 ሜትር ርዝመት ያለው ጃክ ሙሉ ሲወጣ ወደ 8 ሊትር ይይዛል። ከአሮጌ ገልባጭ መኪና የተነቀለ ወፍራም ጃክ እያስበየዱ የሚመጡ ሰዎች አሉ። ውስጡ 15 ሴንቲሜትር፣ ርዝመቱ 1 ሜትር ተኩል ቢሆን ከ26 ሊትር ይበልጣል። ይህን ሁሉ ከየት ያመጣዋል? ማሴዩ ላይ የሃይድሮሊኩ ዘይት የካምቢዮውና የኋላ አክሰሉ ዘይት ነው፣ አንድ ቤት ውስጥ ነው ያሉት። ጃኩ ሲጠጣ ካምቢዮው ይጎድላል። ፓምፑ አየር ይስባል፣ ይጮሃል፣ ካሶኒው ግማሽ ላይ ይቆማል። እንዲህ ሲሆን ዘይት ዝም ብሎ መጨመር ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው፤ ካሶኒው ሲወርድ ዘይቱ ሁሉ ተመልሶ ይመጣና ሞልቶ ይፈሳል። ከመግዛታችሁ በፊት ጃኩን ለኩት። ሊቤሎውንም፣ የዘይቱን ልክ ማለት ነው፣ ካሶኒው ወርዶ እያለም ተነስቶ እያለም እዩት።

ተሳቢ ደግሞ ይዋሳል፣ ይከራያል። ዛሬ ከቤላሩስ፣ ነገ ከማሴይ ጋር ይታሰራል። ጃኩ ውስጥ የቀረው የሰው ዘይት ወደ እናንተ ካምቢዮ ይገባል ማለት ነው። ከነቆሻሻው። የቱቦው ጫፍ አውድማ ላይ ጭድና አቧራ እየጠረገ ሲጎተት ይውልና እንዲሁ ይሰካል። ክዳን ግዙለት፣ ካጣችሁ ንጹሕ ላስቲክ እሰሩበት፣ ስትሰኩ ጥረጉት። ሳይፈታ የሚነቀለው መጋጠሚያም እስከ መጨረሻው ካልገባ ውስጡ ያለው ኳስ ይዘጋዋል። ካሶኒው ተነስቶ አልወርድም ሲል መጀመሪያ እሱን ጠርጥሩ። ግን ከካሶኒው ሥር ገብታችሁ አይደለም።

ይህ ጃክ የያዘው በአንድ ቱቦ ዘይት ነው። ቱቦው ከፈነዳ የሚያግደው የለም። ካሶኒው ሥር የሚሠራ ሰው ወፍራም የብረት ድጋፍ ሳያቆም አይግባ። እንጨት አይበቃም። የሚያፈስ ቱቦ በእጅ አይዳሰስም፤ ዘይቱ የሚወጣው ከ100 ባር በላይ በሆነ ግፊት ነው፣ ቆዳ በስቶ ይገባል። መርፌ የወጋህ ያህል ብቻ ስለሚመስል ሰው ይንቀዋል፣ እጅ ግን ያስቆርጣል። ካርቶን ዘርግታችሁ እዩ። ከነካችሁም ወዲያው ሆስፒታል ነው። መንዝና አንኮበር በኩል ያላችሁ ደግሞ ተዳፋት ላይ አታንሱ፣ ካሶኒው ወደ ጎን ይገለበጣል። ከመብራት ሽቦ ሥርም አታንሱ።

የጃኩን መተንፈሻ ቀዳዳ ዘይት ያንጠባጥባል ብለው የሚበይዱትን ግን ምን ልበላቸው። የሚያንጠባጥበው ዘይቱን የሚያግደው ጎሚኒ ስላለቀ ነው። ጎሚኒውን ቀይሩት፣ ቀዳዳውን ተዉት።

በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ደግሞ ውርጩን ታውቁታላችሁ፤ ደብረ ብርሃን ወይም እኛ ዘንድ ዘይቱ ወፍሮ ነው የሚያድረው። ሞተሩን በሚኒሞ አሙቁት፣ ባዶውን አንዴ ሁለቴ አንሱት፣ ከዚያ ጫኑ።

ለተሳቢ በያጆችና ለሻጮች አንድ ጥያቄ አለኝ፣ በጋዜጣችሁ በኩል ይድረስልኝ። ጃኩ ስንት ሊትር እንደሚጠጣ በመጎተቻው ላይ በቀለም ጻፉበት። አንድ ብሩሽ ቀለም ነው። ያንን ያየ ገዢ ሊቤሎውን አይቶ ይወስናል፣ እኔም በመከር ሰሞን ደህና ፓምፕ እየፈታሁ አልውልም።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የትራክተር መካኒክ፣ ከእነዋሪ