ቁጥሩ ለምን ይቀንሳል? የሜዳ ንባብ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

ክበቡ የተጀመረው በአንዲት እናት ጥያቄ ነው። ሴፕቴምበር ነበር። የቅዳሜው የአማርኛ ትምህርት አልቆ ልጆቹ ቦርሳቸውን ሲሰበስቡ እኚህ እናት ጠጋ ብለው «መምህር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አሉኝ። ልጃቸው እዚሁ ሜሪላንድ በሚማርበት ሃይስኩል የፉትቦል ቡድን ገብቷል፣ የአሜሪካኖቹን ፉትቦል ማለቴ ነው። አርብ ማታ ሊያዩት ሄዱ። «ልጄ ኳሷን አቅፎ ከአርባ ወደ ሰላሳ፣ ከሰላሳ ወደ ሃያ ወረደ። ቁጥሩ እየቀነሰ ሰዉ ግን ብድግ ብሎ ይጮሃል። እኔ ወደ ኋላ የሮጠ መስሎኝ ክው አልኩ። ምንድን ነው ነገሩ?»

እንደምንም መለስኩላቸው፤ ግን በአምስት ደቂቃ የሚያልቅ ነገር አልነበረም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሌሎች ሁለት ወላጆች ያንኑ ጠየቁኝ። እኛ በእግር ኳስ ያደግን ሰዎች ልጆቻችን የሚጫወቱበት ሜዳ ዳር ብርድ ልብስ ደርበን እንቀመጣለን፣ ሌላው ሲያጨበጭብ እናጨበጭባለን፣ ልጁ ምን እንዳደረገ ግን አናውቅም። ይሄ በጣም ያሳዝነኛል። ልጅ ወደ እናቱ ቀና ብሎ ሲያይ ያደረገው ነገር የገባት እናት ማየት አለበት። ስለዚህ ከትምህርት በኋላ የአንድ ሰዓት ክበብ ከፈትን። 11 ልጆች ተመዘገቡ። ስሙንም ያወጡት እነሱ ናቸው። ደንባችን አንድ ብቻ ነው፤ እያንዳንዱ ልጅ የተማረውን ቤቱ ሄዶ በአማርኛ ያስረዳል።

የመጀመሪያው ወር በቁጥሮቹ አለቀ። ሜዳው ከጎል መስመር እስከ ጎል መስመር 100 ያርድ ነው፣ በለመድነው መለኪያ 91 ሜትር ከ44 ሳንቲ ሜትር። በየ5 ያርዱ ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር የሚያቋርጥ መስመር አለ፣ በየ10 ያርዱ ደግሞ ቁጥር ይጻፋል። ግን ከ50 ቀጥሎ 60 አይመጣም። 40 ነው የሚመጣው፣ ከዚያ 30፣ 20፣ 10። ቁጥሩ የሚናገረው ስንት ያርድ እንደተሮጠ ሳይሆን ቅርብ ወዳለው ጎል መስመር ስንት እንደቀረ ነው። የእኚያ እናት ልጅ ሃያ ላይ ሲደርስ የቀረው 20 ያርድ ብቻ ነበር፤ ሰዉ የጮኸው ለዚያ ነው። በብዙ ሜዳዎች ከቁጥሩ ጎን ትንሽ ቀስት ትሳላለች፣ ጫፏ ሁልጊዜ ወደ ቅርቡ ጎል ያመለክታል። 50 ላይ ቀስት የለም፣ ሁለቱም ጎል እኩል ይርቃሉና። ሰላሳንና ሃያን ሲያምታቱ የነበሩ ትንንሾቹ ልጆች ወደ ላይም ወደ ታችም እየቆጠሩ ቁጥሩን ጥርት አድርገው ያዙት። ይህን በመማሪያ መጽሐፍ ሁለት ዓመት ሞክሬ አልሆነልኝም ነበር።

ብርዱ ሲገባ ሜዳውን አዳራሽ ውስጥ አስገባነው። ሐሳቡን ያመጣው አንዱ ልጅ ነው፤ አንድ ያርድ 10 ሳንቲ ሜትር ይሁን አለ። ሜዳው በሁለቱ ጫፍ ካሉት ባለ 10 ያርድ ኤንድ ዞኖች (ከጎል መስመሩ በስተጀርባ ያሉት ክልሎች) ጋር 120 ያርድ ስለሆነ የእኛው 12 ሜትር ሆነ። ስፋቱ 53 ያርድ ከአንድ ሦስተኛ ነው፣ እሱም 5 ሜትር ከ33 ወጣ። ወንበሩን ሁሉ ወደ ግድግዳ አስጠጋንና ልክክ ብሎ ገባልን። መስመሮቹን በነጭ ቴፕ ለጠፍን። ለኳስ ከኩሽና ሎሚ አመጣን፣ ሞላላ ቅርጹም የዚህን ጨዋታ ኳስ ይመስላል።

ሎሚው መስመር ላይ ሲያርፍ ጸብ ተነሳ። «ገብቷል!» «አልገባም!» ለካ ቴፑ 5 ሳንቲ ሜትር ስፋት ነበረው፣ በእኛ ልኬት ግማሽ ያርድ ማለት ነው። እውነተኛው ሜዳ ላይ ግን መስመሩ ባብዛኛው 4 ኢንች ነው፣ 10 ሳንቲ ሜትር ገደማ። ሁሉንም ነቅለን 1 ሳንቲ ሜትር ስፋት ባለው ቴፕ እንደገና ለጠፍነው። ሁለት ቅዳሜ ፈጀብን። አልቆጨኝም፣ የዓመቱ ትልቁ ትምህርት የወጣው ከዚያ ጸብ ነውና።

ጥያቄው መስመሩ የማን ነው የሚል ነበር። በእግር ኳስ መስመሩ የሜዳው አካል ነው፤ ኳሷ ሙሉ በሙሉ ካላለፈችው አልወጣችም፣ ጎልም አይባልም። እዚህ ግን የጎን መስመሩ የውጪው ነው። ኳስ የያዘው ልጅ በጫማው ጫፍ ነጩን ከነካ ወጣ፣ አበቃ። ጎል መስመሩ ደግሞ የኤንድ ዞኑ ነው። ልጁ ኳሷን እንደያዘ የኳሷ ጫፍ ብቻ የመስመሩን የፊት ጠርዝ ከነካች፣ አየር ላይ ብትሆንም እንኳ፣ ታችዳውን የሚሉት ጎል ነው፣ 6 ነጥብ። ሰውነቱ በሙሉ ከመስመሩ ወዲህ ቢቀርም ይቆጠርለታል። ተጫዋቾቹ ማዕዘን ላይ ወደቆመችው ብርቱካናማ ምልክት እጃቸውን ዘርግተው የሚወረወሩት ለዚህ ነው። አንድ አባት ይህን ከልጃቸው ሲሰሙ «ታዲያ እኔ እስከ ዛሬ ዳኛውን ስቆጣ የኖርኩት በከንቱ ነዋ!» አሉ አሉ።

ፌብሩዋሪ ላይ ሱፐር ቦውልን፣ የፕሮፌሽናሉን ሊግ የዋንጫ ጨዋታ፣ አብረን በቴሌቪዥን አየን። ጨዋታው ከመጀመሩ አንዲት ተማሪ «መምህር፣ ጭረቶቹ ልክ አይደሉም!» አለች። ልጆቹ ጭረት የሚሏቸው በእያንዳንዱ ያርድ ላይ የሚሰመሩትን ትንንሽ ምልክቶች ነው፣ እዚህ አገር ሃሽ ማርክ የሚባሉትን። ልክ ነበረች። አዳራሽ ውስጥ የሰራነው የሃይስኩል ሜዳ ነው። በሃይስኩል በመሀል ያሉት ሁለት የጭረት ረድፎች 53 ጫማ ከ4 ኢንች ይራራቃሉ፣ ሜዳውን በሦስት እኩል ይከፍሉታል። በኮሌጅ 40 ጫማ ነው። በፕሮፌሽናሉ ሊግ ግን ከ1972 ጀምሮ 18 ጫማ ከ6 ኢንች ብቻ ነው፣ ልክ የጎል ቋሚዎቹን ስፋት ያህል።

ጭረቶቹ ለምን አስፈለጉ? ታሪኩን ስነግራቸው አዳራሹ ጸጥ አለ። በፊት ኳስ የያዘው ሰው የወደቀው ዳር ላይ ከሆነ የሚቀጥለው ሙከራ እዚያው ዳር ይጀመር ነበር፤ አጥቂው በአንድ ጎኑ መንቀሳቀሻ አልነበረውም። ዲሴምበር 1932 ቺካጎ ውስጥ ብርዱና በረዶው ስለከፋ የዋንጫው ጨዋታ በቤት ውስጥ ስታዲየም ተደረገ። ሜዳው 80 ያርድ ብቻ ነበር፣ ዳሩ ላይ ደግሞ ግድግዳ አለ። ሰው ግድግዳ እንዳይመታ ኳሷን ወደ መሀል እያስገቡ አስጀመሩ። ነገሩ ጥሩ ሆኖ ስለተገኘ በሚቀጥለው ዓመት ሕግ ሆነ፤ ዳር የቀረችው ኳስ ወደ መሀል የምትገባው እስከ ጭረቶቹ ነው። እኛም ክረምት ሸሽተን ሜዳውን ቤት አስገብተን ስለነበር ልጆቹ ታሪኩን የራሳቸው አድርገው ወሰዱት።

በቴሌቪዥን የምትታየውን ቢጫዋንም መስመር ሳልጠቅስ አላልፍም። ቡድኑ በ4 ሙከራ 10 ያርድ መሄድ አለበት፤ ቢጫዋ የት መድረስ እንዳለበት ታሳያለች። ግማሹ ልጅ ሣሩ ላይ የተቀባች ይመስለው ነበር። ኮምፒዩተር ነው የሚስላት፣ ቴሌቪዥን ላይ የወጣችውም በ1998 ነው። ሜዳው ላይ ያለው በሁለት ዘንግ የተያዘ የ10 ያርድ ሰንሰለት ነው።

ሜይ ላይ ፈቃድ ጠይቀን ባዶ የሃይስኩል ሜዳ ገባን፣ ከነወላጆቻችን። ልጆቹ ሜትር ይዘው ስፋቱን ለኩ፣ 160 ጫማ፣ ልክ ሆነ። የጎል ቋሚዎቹ የቆሙት ጎል መስመሩ ላይ ሳይሆን ከኤንድ ዞኑ ጀርባ መሆኑን አይተው ሂሳቡን ራሳቸው ሰሩት። ኳሷ 20 ላይ ብትሆንና ቡድኑ በእግር መትቶ 3 ነጥብ ማግባት ቢፈልግ፣ 10 ያርድ ኤንድ ዞን አለ፣ ኳሷን ደግሞ 7 ያርድ ያህል ወደ ኋላ ወርውረው ነው የሚመቱት፤ ስለዚህ ምቱ 37 ያርድ ነው። አንድ አያት ይህን ከልጅ ልጃቸው ሁለት ጊዜ አስደግመው ሰሙ፣ ከዚያ ለጎረቤታቸው እሳቸው አስረዱ።

እኚያ እናትም መጥተው ነበር፣ ልጃቸውን ይዘው። ከአርባ መስመር ተነስተው ቀስ ብለው ወደ ጎሉ እየሄዱ «ሰላሳ... ሃያ...» አሉና ቆሙ። «እዚህ ጋ ነው የጣሉህ?»

«አይደለም እማዬ፣ ትንሽ አለፍ ብሎ ነው፣ 12 ላይ።»

12 የሚል ቁጥር ሜዳው ላይ የለም። ልጁ እጃቸውን ይዞ እስከ 15 መስመር ወሰዳቸው፣ ከዚያ አጎንብሰው ጭረቶቹን አብረው ቆጠሩ። አስራ አራት። አስራ ሦስት። አስራ ሁለት። እናትየዋ እዚያች ጭረት ላይ እግራቸውን አሳርፈው ጎሉን ለረጅም ጊዜ አዩት፣ «ይቺን ታህል ነበር የቀረችህ?» አሉት።