የመኪናው ኳስ ለሰባት ዓመት ልጅ ይሆናል ወይ?

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፣

ባለፈው እትማችሁ አንድ አባት የሰባት ዓመት ልጃቸው «ሮኬት ሊግ» ካልተጫወትኩ እያለ እንዳስቸገራቸው ጽፈው፣ መኪና የሚበርበትና የሚፈነዳበት ኳስ ለሕፃን አይሆንም፣ ቢያንስ ፊፋው እውነተኛ ኳስ ነው ብለው ደምድመዋል። እኔ ጀሞ ፕሌይስቴሽን ቤት አለኝ። ሁለቱም ጌሞች ከጠዋት እስከ ማታ ዓይኔ ሥር ናቸው። ለትንሽ ልጅ ከሁለቱ አንዱን ምረጪ ብባል መኪናውን ነው የምመርጠው፤ ምክንያቴን ልንገርዎት።

ሮኬት ሊግ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ነው፤ ከ2020 ወዲህ በነጻ ይወርዳል። ሜዳው ዙሪያውን ግድግዳ አለው። ሰማያዊና ብርቱካናማ መኪኖች ከራሳቸው የምትበልጥ ኳስ እየገጩ ጎል ያገባሉ፤ አንዱ ጨዋታ አምስት ደቂቃ ነው። አንዱ መኪና በፍጥነት መጥቶ ሌላውን ሲገጨው የተገጨው ይፈነዳል፣ እውነት ነው። ነገር ግን ሹፌር የሚባል አይታይም፣ ደም የለም፣ ያው መኪና ከሦስት ሰከንድ በኋላ ተመልሶ ይመጣል። ልጆቹ ሲፈነዱ በሳቅ ይንፈራፈራሉ እንጂ ሲደነግጡ አላየሁም። በአውሮፓ ለጌሞች የዕድሜ ደረጃ የሚሰጠው ፔጊም ከ3 ዓመት ጀምሮ ይሆናል ብሎታል።

ፊፋንም ግን 3 ብሎታል። (ስሙ እ.ኤ.አ. በ2023 «ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ» ሆኗል፤ በኛ ሰፈር ማን ሊቀበል!) ቁጥሩ በዋናነት የሚመለከተው ስክሪኑ ላይ የሚታየውንና የሚሰማውን ነው። ጨዋታው ካለቀ በኋላ ልጁ ምን እንደሚጠየቅ አይነግርዎትም። ፊፋ ውስጥ «አልቲሜት ቲም» የሚባል ክፍል አለ። እዚያ ተጫዋች ለማግኘት ፓክ ይከፈታል፤ በገንዘብም መግዛት ይቻላል፣ ውስጡ ማን እንዳለ ግን ብዙውን ጊዜ ሳይከፍቱት አይታወቅም። ምባፔ ሊወጣ ይችላል፣ ስሙን ሰምተነው የማናውቀው ተጠባባቂ በረኛም ሊወጣ ይችላል። የቤልጂየም የቁማር ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2018 ይህን የመሰለውን ሽያጭ ቁማር ነው በማለቱ፣ የፊፋው ኩባንያ በ2019 መጀመሪያ ላይ እዚያ አገር መሸጡን አቁሟል። ጀርመኖችም በ2023 የወጣውን ጌም ከ12 ዓመት ጀምሮ አድርገውታል። መኪናው ጌም ላይም እንዲህ ያለ ተቆልፎ የሚሸጥ ሣጥን ነበር፤ በዚያው በ2019 መጨረሻ አንስተውታል። አሁን የሚሸጠው ቀለም፣ ጎማና ጌጥ ነው፣ የሚገዛውም ከመክፈሉ በፊት ምን እንደሆነ ይታያል። እንደ እውነቱ ከሆነ አሁንም ውድ ነው፣ ግን ዕጣ አይደለም።

እኔ ቤት ኔትወርኩ ስለማያስተማምን ፓክ የሚከፍት ብዙም የለም። እኔን የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። ፊፋ ላይ ልጅ ብቻውን አይቀመጥም፤ አርሴናልና ማንቼ ከኋላው ቆመው ነው። ታላላቆቹ ቅዳሜ የተሸነፉትን ብሽቀት እሱ ላይ ይወጡበታል፣ ስድቡን ከነሱ ይለቅማል። ከዚያ «የተሸነፈ ይክፈል» ይመጣል፣ ከዚያ የዳቦ መግዣ ሳንቲም። ይሄ ቁማር ካልሆነ ምን ይባላል? ለትንንሾቹ ከልክያለሁ፣ ትልልቆቹ ግን በጥቅሻ ይስማማሉ። መኪናው ላይ የሚደገፍ ክለብ የለም። ሰማያዊ የነበረው በሚቀጥለው ጨዋታ ብርቱካናማ ሆኖ ይቀመጣል፣ ማንም ማንንም በቡድኑ አይሰድብም። (ለኔ ለነጋዴዋ አንድ ጉድ አለው፤ እኩል ከወጡ ጎል እስኪገባ ድረስ አያልቅም። የምናስከፍለው በጨዋታ ስለሆነ፣ ተራ የሚጠብቀው ሁሉ «እትዬ፣ አስቁሚያቸው!» እያለ ጆሮዬን ያደነቁረዋል።)

መኪናው ጌም ሳይስተካከል እንዳለ ግን ለሰባት ዓመት ልጅ ይከብዳል። ኳሷ ትፈጥናለች፣ መኪናው ግድግዳ ላይ ይወጣና ይገለበጣል። የጎረቤቴ ልጅ መጀመሪያ ላይ መኪናው ሲያጋድል እሱም ምላሱን አውጥቶ ከነወንበሩ ያጋድል ነበር፤ ኳስ ሳይነካ አምስት ደቂቃው ሲያልቅበት ጆይስቲኩን ወረወረው። ማስተካከያ እንዳለው ብዙ ወላጅ አያውቅም። ያለ ኢንተርኔት በሚከፈተው ክፍል ገብተው ኳሷን ትልቅና ዘገምተኛ ማድረግ፣ መፈንዳቱንም ጭራሽ ማጥፋት ይችላሉ። በኮምፒውተሩ የሚነዱትን መኪኖች ዝቅተኛው ደረጃ ላይ ያድርጓቸው። ስክሪኑ ለሁለት ስለሚከፈል እርስዎም አንዱን ጆይስቲክ ይዘው ከጎኑ መቀመጥ ነው። ያ ልጅ እንዲህ አድርጌ ከታላቅ እህቱ ጋር በአንድ ቡድን ሳስቀምጠው ጎል አገባ፤ እኔን ለማሳየት ከወንበሩ ዘሎ መጥቶ ቀሚሴን ይጎትታል፣ በዚያ መሃል እነሱ ላይ ሁለት ገባባቸው።

ኢንተርኔት ላይ መግባቱን ግን ለዚህ ዕድሜ አልመክርም። ከማያውቀው ሰው ጋር ይመደባል፣ ሲስት ያፌዙበታል። በረኛነቱ አቅቶት ጎል ሲገባ «ግሩም አዳንክ!» የሚል የተዘጋጀ መልእክት ይልኩበታል፤ በየጨዋታው የተለመደ ሹፈት ነው። የጌሙ ባለቤት ኤፒክ የሚባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ ዕድሜያቸው ከ13 በታች ለሆኑት ወላጅ እስኪፈቅድ ቻትና ግዢ የተዘጋበት አካውንት አውጥቷል። የሚሠራው ግን ትክክለኛው የልደት ዓመት ከተሞላ ነው። እዚህ አገር አካውንቱን የሚከፍተው ጌም የሚጭነው ልጅ ስለሆነ፣ የስድስት ዓመቱም ሕፃን የሠላሳ ዓመት ጎረምሳ ሆኖ ተመዝግቦ ያገኙታል። ሄደው ይዩት።

ፕሌይስቴሽኑ ከውጭ የተላከ ከሆነ ደግሞ ካርዱን ይፈትሹ። አንድ ደንበኛዬ ጋ ከአሜሪካ የመጣው የአጎትየው አካውንት ከነባንክ ካርዱ ነበር። ልጁ በሌላ ጌም፣ ስሙን ልተወው፣ ያየውን ሁሉ ሲጫን አጎትየው የሰማው ከባንኩ ነው። ለበዓል የሚላከው ብር በዚያ ዓመት ቀነሰ አሉ።

አባትየው ስለ ስልኩም ጠይቀው ነበር። «ሳይድስዋይፕ» የሚባለው የስልክ ጌም ሌላ ነው፤ ሜዳው ከጎን ብቻ ይታያል፣ ጨዋታው ሁለት ደቂቃ ነው፣ ዋናው ነገሩም ከኢንተርኔት ሰው ጋር መግጠም ነው። ሁለት ደቂቃ ሲያልቅ «አንድ ብቻ ልድገም» ማለት ቀላል ነው፣ ልጁም ብርድ ልብስ ውስጥ ይዞት ይገባል። እሱን አይጫኑለት። ትልቁ ስክሪን ላይ፣ ሳሎን ውስጥ፣ ኔቱ ጠፍቶ ከሆነ ግን ልጅዎ ይጫወት።

የጌም ቤት ባለቤት
ከጀሞ፣ አዲስ አበባ